ቀሚሱ መጣ፤ እጅጌው ግን ቀረ!

አንድ ቀሚስ ስንቱን ያንቀሳቅሳል መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 ዘፋኟ ጄኒፈር ሎፔዝ በግራሚ ሽልማት ምሽት ከቨርሳቼ ቤት የወጣ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ብቅ አለች። ለብሳ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ፊት ለፊቱ ከእምብርቷ በታች ድረስ የተከፈተ ነበር። በማግስቱ የዓለም ሕዝብ ኮምፒዩተሩ ላይ ተደፍቶ ያንን ቀሚስ ይፈልግ ጀመር። የጉግል የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ ኤሪክ ሽሚት ከዓመታት በኋላ እንደጻፉት፣ እስከዚያ ጊዜ ካዩት ፍለጋ ሁሉ የበለጠው ይኸው ነበር። ሰዉ የፈለገው ቀሚሱን በዓይኑ ማየት ነው፤ ጉግል ደግሞ ያኔ የሚያቀርበው የጽሑፍ ዝርዝር ነው። በጁላይ 2001 የፎቶ ፍለጋ የሚባለው ነገር ተከፈተ።

ልብ በሉ፤ ያ የፎቶ ፍለጋ ፎቶ አያይም ነበር። የሚያነበው በፎቶው ዙሪያ የተጻፈውን ነው። የፎቶውን ስም፣ ከሥሩ ያለውን መግለጫ፣ አጠገቡ ያለውን ወሬ። አንዱ የአህያ ፎቶ ለጥፎ ከሥሩ «ፈረስ» ብሎ ቢጽፍ፣ ፈረስ ፈላጊው ሁሉ አህያ ይታደለዋል ማለት ነው። ጽሑፉ ጌታ፣ ሥዕሉ አሽከር የነበረበት ዘመን ነው።

ዛሬ ጊዜው ተለውጧል። ስልካችሁን ታወጡና ዓይናችሁ ያረፈበትን ነገር ፎቶ ታነሣላችሁ። ከዚያ «እንዲህ ያለ ግን ቀዩን» ብላችሁ ቃል ትጨምሩበታላችሁ። ጉግል ይህን አገልግሎት በኤፕሪል 2022 አሜሪካ ውስጥ ሲጀምር የሰጠው ምሳሌ ራሱ ቀሚስ ነበር። የብርቱካናማ ቀሚስ ፎቶ አስገቡ፣ «አረንጓዴ» ብላችሁ ጻፉ፣ ያንኑ ቀሚስ በአረንጓዴ እናመጣላችኋለን የሚል። የቻይናው ታኦባኦም ከ2014 ጀምሮ ዕቃን በፎቶ ያስፈልጋል። ከጓንዡ ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴዎቻችን ይህን ከኔ ይልቅ ያውቁታል።

ታዲያ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ለማሽኑ ሁለት ነገር ስትሰጡት፣ ፎቶና ቃል፣ የቱን ነው የሚሰማው? «ሁለቱንም እኩል ነዋ!» የምትሉ ካላችሁ እስቲ የአንዲትን ሴት ነገር ላጫውታችሁ።

ስሟ ይቅር። ታናሽ እህቷን ልትድር ሽር ጉድ ስትል ነው የማውቃት። ሠርጉ በቤተ ክርስቲያን ነው፤ አባታቸው ደግሞ በደብሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ሚዜዎቹ ትከሻቸውንና ክንዳቸውን ገልጠው ሊቆሙ አይታሰብም። ሙሽሪት አንድ ፎቶ አይታ ሞተች። ወገቡ ጠበብ ያለ፣ ከታች የሚነሰነስ፣ ቀለሙ እንደ ወይራ ቅጠል የሆነ ቀሚስ። ጉዱ ምንድን ነው? እጅጌ የለውም።

«ችግር የለም» አለች ታላቅየዋ። ፎቶውን ከውጭ አገር ዕቃ በሚያመጣ አንድ መተግበሪያ ውስጥ አስገባችና ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ይኸው ቀሚስ፣ እጅጌ የሌለው ሳይሆን» ብላ ጻፈችበት። ወዲያው መጣላት! አንደኛ ላይ የተቀመጠው ቀሚስ ቁርጥ ያንኑ ነው። መጠሪያውን ስታነብ «ረጅም እጅጌ» የሚል ቃል አለበት። ከዚህ በላይ ምን ትፈልግ? የእቁቧን 60 ሺህ ብር አውጥታ ስድስት ቀሚስ አዘዘች።

ዕቃው ሠርጉ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ደረሰ። ካርቶኑ ሲከፈት ቤት ውስጥ ነበርኩ። ስድስቱም ቀሚስ እጅጌ የለውም። ሙሽሪት «ምን አደረግሁሽ እህቴ!» ብላ አልጋ ላይ ተደፋች። ባልየው ደግሞ ነገሩን ከቀሚሱ ወደ እቁቡ አዞረው። «የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፈልበት ብር ነበር» ብሎ ጀመረና ሦስት ቀን ሙሉ በዚያ ቤት ሰላም አልነበረም።

«ስታዝዢ ያየሽው ፎቶውን ነው ወይስ ያነበብሽው ጽሑፉን?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሁለቱንም!» አለችኝ ተቆጥታ። «ፎቶው ያው ነው። ጽሑፉም እጅጌ አለው ይላል። ምን ላድርግ?»

እውነቷን ነው። ነገር ግን ሁለት ምስክር ቆሞላት ሁለቱም የመሰከሩት ለየቅል ነው። ፎቶው የመሰከረው ስለ ስፌቱ ነው። ጽሑፉ የመሰከረው ስለ እጅጌው ነው። በፎቶው ላይ እጅጌ ያየ ግን አንድም አልነበረም፤ ማሽኑም፣ እሷም። እንዲህ ያለ ምስክርነት ፍርድ ቤት ቢቀርብ ዳኛው ያባርረው ነበር።

እንግዲህ ወደ ማሽኑ ሆድ እንግባ። አትፍሩ፣ ሒሳቡን በልካችን እናደርገዋለን።

ለዛሬዎቹ ብዙ ፈላጊዎች መሠረት የሆነው ኦፕን ኤአይ የተባለው ኩባንያ በጃንዋሪ 2021 ያወጣው ክሊፕ የሚባል ሞዴል ነው። 400 ሚሊዮን ፎቶዎችን አብረዋቸው ከተጻፉ ቃላት ጋር እያጣመሩ አስተማሩት። በውስጡ ሁለት አንባቢዎች አሉ፤ አንዱ ፎቶ ያነባል፣ ሌላው ጽሑፍ ያነባል። ሁለቱም ያነበቡትን ወደ ቁጥር ይለውጡና በአንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ቦታ ይሰጡታል። የውሻ ፎቶና «ውሻ» የሚለው ቃል ጎረቤት እንዲሆኑ፣ «ውሻ»ና የሻይ ማንኪያ እንዲራራቁ ተደርጎ ነው የተማረው። እናንተ ስትፈልጉ ማሽኑ የሚያደርገው የጎረቤት ፍለጋ ነው።

ቆንጆ ሐሳብ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ አንባቢዎች የሰጡትን ነጥብ ስትደምሩ ነው።

ሁለት አስተማሪዎች አስቡ። የሒሳቡ አስተማሪ እጁ ሰፊ ነው፤ ለአንዱ 50 ይሰጣል፣ ለሌላው 90። የአማርኛው አስተማሪ ደግሞ ቆንቋና ነው፤ ሰነፍም ይሁን ጎበዝ ሁሉንም ከ20 እስከ 30 ባለው ውስጥ ያጉራቸዋል። አሁን የሁለቱን ነጥብ እኩል ደምራችሁ ደረጃ አውጡ ብትባሉ ማን አንደኛ ይወጣል? የሒሳቡ ጎበዝ ነዋ! አማርኛው ድምሩ ውስጥ አለ፤ ግን ከጎበዙና ከሰነፉ መካከል ሊያመጣ የሚችለው ልዩነት ቢበዛ 10 ነጥብ ነው። ሒሳቡ የ40 ነጥብ ልዩነት ይዞ ይቀልድበታል። እኩል ደመርን ብላችኋል፤ እኩል ግን አልሆነም።

በማሽኑም ውስጥ እንዲሁ ነው። ክሊፕን በመሰሉ ሞዴሎች ፎቶ ከፎቶ ጋር ሲመዘን 0.6፣ 0.8፣ 0.9 እያለ ይዘላል። ፎቶ ከጽሑፍ ጋር ሲመዘን ግን እጅግ የሚስማሙት እንኳ ብዙ ጊዜ 0.3 አካባቢ ናቸው። ስለዚህ ሠሪው ሳይጠነቀቅ «ግማሽ ለፎቶ፣ ግማሽ ለቃል» ብሎ ከደመረ ፎቶው ያሸንፋል። የናንተ «ግን እጅጌ ያለው» የምትለዋ ቃል ሠርግ ላይ እንደተጠራች የሩቅ ዘመድ ናት። ተገኝታለች፣ ምግብም ቀርቦላታል፣ ማንም ግን አልሰማትም።

በነገራችን ላይ የሁለቱ አለመገናኘት የቆየ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እነዚህን ሞዴሎች መርምረው ፎቶዎቹ በሜዳው በአንድ በኩል፣ ጽሑፎቹ በሌላ በኩል ተሰብስበው መሐላቸው ክፍተት እንዳለ አሳይተዋል። ልክ በቆየ ሠርግ ላይ የሙሽራው ወገን ባንድ ጎን፣ የሙሽሪት ወገን ባንድ ጎን እንደሚቀመጠው ነው። በአንድ ማኅደር ውስጥ ፎቶም ጽሑፍም ተቀላቅሎ ካለና በቃል ከፈለጋችሁ፣ የሚሻለው መልስ ፎቶው ቢሆንም ማሽኑ ወደ ጽሑፉ ያደላል። ሰው ወደ ወገኑ፣ ነገሩም ወደ ወገኑ።

መድኃኒት አለው? አለው፤ እንዲያውም ቀላል ነው። አንዱ ነጥቡን ትቶ ደረጃውን መደመር ነው። ይህን ዘዴ የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2009 አውጥተውት ዛሬም ይሠራበታል። እንዲህ ነው፤ አንዱ ቀሚስ በፎቶ 1ኛ ወጥቶ በቃል 40ኛ ቢሆን፣ ሌላው ደግሞ በፎቶ 4ኛ በቃል 2ኛ ቢሆን፣ የሚመረጠው ሁለተኛው ነው። ቆንቋናው አስተማሪም ይሁን ለጋሱ፣ አንደኛ ያለው አንደኛ ነው፤ ነጥቡን ማን ጠየቀው? ሌላው መንገድ እንደ ጥያቄው ዓይነት ሚዛኑን መለዋወጥ ነው። ቀለም ሲጠየቅ አንድ ሚዛን፣ የመሣሪያ ቁጥር ሲጠየቅ ሌላ ሚዛን። ይህ ግን የሠሪዎቹ ሥራ ነው፤ እኛ ገዢዎች መተግበሪያውን ከፍተን ሚዛኑን አናስተካክልም። በእጃችን ያለው የምንሰጠው ፎቶና የምንጽፈው ቃል ነው።

የዚያች ሴት ቃል ላይ ሌላም ጉድ አለ። «እጅጌ የሌለው ሳይሆን» አይደል ያለችው? ለኔና ለናንተ ግልጽ ነው። እነዚህ ማሽኖች ግን «አይደለም»፣ «የለውም»፣ «ሳይሆን» የሚሉትን ቃላት አይሰሙም ማለት ይቀላል። የኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች በ2025 ባወጡት ጥናት ይህንኑ ፈትነው፣ ፎቶና ጽሑፍ የሚያጣምሩ ሞዴሎች አፍራሽ ቃልን እንደማይረዱ አሳይተዋል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ሰው ፎቶ ለጥፎ ከሥሩ የሚጽፈው በፎቶው ላይ ያለውን ነው። የድመት ፎቶ ለጥፎ «ይህ ውሻ የለበትም» ብሎ የሚጽፍ ማን አለ? ማሽኑ ከማን ይማረው? ስለዚህ «እጅጌ የሌለው ሳይሆን» ስትል ማሽኑ የሰማው «እጅጌ የሌለው» የሚለውን ነው። ፎቶውም እጅጌ የለው! ተስማሙ፣ ጨረሱ።

የቃል ቅደም ተከተልም ቢሆን ብዙ አያሳስባቸውም። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት እነዚህ ሞዴሎች ዓረፍተ ነገርን የሚያዩት በከረጢት ውስጥ እንደተጨመሩ ቃላት ነው ብሏል። «ፈረሱ ሣሩን በላ» እና «ሣሩ ፈረሱን በላ» ለነሱ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ፈረስም አለ፣ ሣርም አለ፣ መብላትም አለ።

የዕቃ ሻጮች ደግሞ ይህን ጠባይ ካወቁ ቆይተዋል። የዚያን ቀሚስ መጠሪያ እኔ ራሴ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። «ረጅም እጅጌ» አለ፣ «አጭር እጅጌ» አለ፣ «እጅጌ የሌለው» አለ፣ «የሠርግ»፣ «የእራት»፣ «የልደት»፣ «የሚዜ»፣ «የነፍሰ ጡር» … ምን ያልተጻፈበት አለ! ሁሉንም ለሁሉም ሰው ለማስገኘት ተብሎ የተደረደረ ነው። እሷ ዓይኗ ያረፈው የምትፈልገው ቃል ላይ ብቻ ነው። ሰው የሚፈልገውን ቃል ሲያገኝ ማንበብ ያቆማል።

ቃሉ ፎቶው ላይ ከተጻፈ ደግሞ ይብሳል። የክሊፕ ሠሪዎች ራሳቸው በማርች 2021 ያሳዩትን ስሙልኝ። አንድ አረንጓዴ ፖም አቀረቡለት፤ ፖም ነው አለ። ከዚያ በወረቀት ላይ «አይፖድ» ብለው በእጅ ጽፈው ፖሙ ላይ ለጠፉት። ማሽኑ 99.7 በመቶ እርግጠኛ ሆኖ «ይህ አይፖድ ነው» አለ! ፖሙ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ። እስቲ አስቡት፤ የሕፃን ልጅ ያህል እንኳ «ኧረ ይሄ የሚበላ ነገር ነው» አላለም። ስለዚህ አንድ ሻጭ የዕቃውን ፎቶ ላይ በትልቁ «ንጹሕ ቆዳ» ብሎ ቢያትምበት ማሽኑን ያግባባዋል። እናንተም የምትፈልጉትን ዕቃ ፎቶ ስታስገቡ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የዋጋ ወረቀት፣ የጓደኛችሁ መልእክት ላዩ ላይ ካለ ቆርጣችሁ አውጡት። የፌስቡክ ስክሪን ሾት ከነኮተቱ አስገብታችሁ ማሽኑን አትውቀሱት።

ቀሚሶቹ ምን ሆኑ ትሉኝ ይሆናል። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ያለ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተወሰዱ። ሰውየው አገላብጦ አየና «ጨርቁን አላገኘውም፤ ግን ቀለሙን የሚያስታርቅ ሻሽ አለ» አለ። ከላይ የሚደረብ፣ እጅጌው እስከ አንጓ የሚደርስ ስስ ካፖርት መሳይ ነገር ሰፋላቸው፤ ለአንዷ 1,500 ብር። ሠርጉም ሆነ፣ ሚዜዎቹም አማሩ፣ አባትየውም ምንም አላሉም። የባልና ሚስቱ ግን እስካሁን «ስልክሽን ጠይቂው» የምትል ነገር አለቻቸው፤ ብር በተነሣ ቁጥር ትነሣለች።

እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር? መጀመሪያ ፎቶውን ብቻዬን አስገብቼ ስፌቱን አገኛለሁ፤ ቃል አልጨምርም። ከዚያ ያገኘሁትን ሳጣራ የምፈልገውን በአዎንታ እጽፋለሁ፤ «ረጅም እጅጌ»፣ በቃ። «ያልሆነ»፣ «የሌለው»፣ «ሳይሆን» ብሎ ነገር የለም። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የምቀይረው። ቀለሙንም፣ እጅጌውንም፣ ጨርቁንም አንድ ላይ ለውጥልኝ ካላችሁት የቱን እንደሰማችሁ ማወቂያ የላችሁም። እንዲያውም የተሻለው፣ ፎቶው ራሱ እጅጌ ያለው ቢሆንና ስፌቱን በቃል ብትጨምሩ ነው። ማሽኑ ወደ ፎቶ የሚያደላ ከሆነ፣ ሊቀርብን የማይገባውን ነገር ፎቶው ውስጥ ማስገባት ነዋ! ለሠርግ ቤት የማይታለፈው እጅጌው ነው፤ የወገቡ ጥበት ልብስ ሰፊ ያስተካክለዋል። ብር ከመክፈሌ በፊት ደግሞ መጠሪያውን በእጄ ሸፍኜ ፎቶውን ብቻ አያለሁ። እጅጌ አለ? የለም? የለም እንግዲህ።

የኛ ነገር ሲሆን ግን ሚዛኑ ሌላ ነው። አንድ ቀን እንዲሁ ልሞክረው ብዬ በአማርኛ «ነጠላ» ብዬ ብጽፍ ምን ቢያመጣልኝ ጥሩ ነው? ነጠላ ጫማ! ጥለት ያለው ነጠላ ፈልጌ የመታጠቢያ ቤት ጫማ ተደረደረልኝ። ጥለቱ የሚታይ የነጠላ ፎቶ ባስገባ ግን ወዲያው ነጠላ አመጣ። ለባህል ዕቃዎቻችን ከቃሉ ይልቅ ፎቶው የሚታመንበት ጊዜ ብዙ ነው። ጀበናም፣ መሶብም፣ አገልግልም እንዲሁ።

ለምን ብትሉ፣ ማሽኑ ብዙ የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። ከዚያም በላይ አንድ የማይታይ ግፍ አለብን። የመጀመሪያው ክሊፕ በአንድ ጊዜ የሚያነበው 77 ቁራጭ ጽሑፍ ብቻ ነው። የእንግሊዝኛው የተለመደ ቃል አንድ ወይም ሁለት ቁራጭ ነው። የኛ አንዲት ፊደል ግን ኮምፒዩተር ውስጥ በሦስት ባይት ስለምትቀመጥ ወደ ሦስት ቁራጭ ልትሰነጠቅ ትችላለች። «ለሠርግ የሚሆን ረጅም እጅጌ ያለው አረንጓዴ ቀሚስ» ብትሉ 25 ፊደል ነው። በሦስት ስታባዙት 75። የመነሻና የመድረሻ ምልክት ሲጨመርበት 77፤ ሞላ! አንድ ፊደል ብትጨምሩ ይተርፋል። ከዚያች አጭር ዓረፍተ ነገር በላይ ማሽኑ ጆሮ የለውም ማለት ነው፤ ያነበበውንም መረዳቱ ሌላ ጥያቄ ነው። በኋላ የመጡት ብዙ ቋንቋ የተማሩት፣ ለምሳሌ ጉግል በ2025 ያወጣው ሲግሊፕ 2፣ በዚህ በኩል ይሻላሉ። ቢሆንም የአማርኛ ቃላችሁን አጭር አድርጉ፤ እንግሊዝኛውን የምታውቁት ከሆነ በሁለቱም ሞክሩ።

የራሳችንም ጣጣ አለ። ሠርግን በንጉሡ ሠ የሚጽፍ አለ፣ በእሳቱ ሰ የሚጽፍ አለ። ሀበሻን በሃሌታው ሀም በሐመሩ ሐም እንጽፋለን። ፀጉርን በፀሐዩ ፀም በጸሎቱ ጸም። እኛ እናነበዋለን፤ ቃልን ከቃል ፊደል በፊደል ለሚያመሳስል ፈላጊ ግን «ሀበሻ ቀሚስ» እና «ሐበሻ ቀሚስ» የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። በገጻችሁ ልብስ የምትሸጡ ሰዎች ካላችሁ በሁለቱም አጻጻፍ ጻፉት፤ ፎቶውንም በደንብ ብርሃን አንሡት። ይህ እንኳ የሻጩን ውሸት ከመደርደር የተለየ ነው። ያው አንድ ቃል ነውና።

እስካሁን ያወራነው ስለ ልብስ ነው፤ ቢበዛ ገንዘብና የቤት ሰላም ያሳጣል። ነፍስ የሚያሳጣም አለ።

አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አሉኝ። ውጭ አገር ያለው ልጃቸው በሰው እጅ መድኃኒት ይልክላቸዋል። ሻንጣ እንዳይከብድ ተብሎ ካርቶኑ ይጣልና ኪኒኖቹ በላስቲክ ተቋጥረው ይመጣሉ። ባለፈው የመጡት ሁለት ዓይነት ነበሩ፤ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ክብ። ምራታቸው ጎበዝ ናት፣ አንዱን በመዳፏ ይዛ ፎቶ አንሥታ በስልኳ ፈለገች። «የደም ግፊት ነው አባባ፣ ይኸው ተመሳሳይ ነው» አለቻቸው። ስልኩ ላይ የወጣው በርግጥም ቁርጥ ይመስላል። ነጭ፣ ክብ።

ነጭና ክብ ያልሆነ ኪኒን ስንት አለና ነው? እዚህ ላይ ፎቶው ምንም አይመሰክርም። የሚመሰክረው ኪኒኑ ላይ የተቀረጸችው ጥቃቅን ፊደልና ቁጥር ናት። አሜሪካ ውስጥ የሚዋጥ ኪኒን እንዲህ ያለ መለያ እንዲቀረጽበት ሕጉ የሚያስገድደው ለዚህ ነው። ማሽኑ ግን ያችን ፊደል አያያት ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ የክሊፕ ሞዴሎች የምትሰጧቸውን ፎቶ፣ ምንም ያህል ጥራት ቢኖረው፣ 224 በ224 ነጥብ አድርገው ነው የሚያሳንሱት። ሙሉ መዳፍ ውስጥ ያለች ኪኒን በዚያ ስትጠብ ላይዋ ያለው ጽሑፍ ጭረት እንኳ አይሆንም። የቀረው ነጭ፣ ክብ ነገር ነው። ስለዚህ ኪኒን ከሆነ ፎቶውን ተዉትና ፊደሉንና ቁጥሩን በዓይናችሁ አንብባችሁ ጻፉት፤ ውጤቱንም ለመዋጥ ሳይሆን ለመጠየቅ ያዙት። ምንም ካልተጻፈበት ደግሞ ስልክ አውጥቶ መድከም አያስፈልግም፤ ማወቂያ የለውም።

ሽማግሌው ደግነቱ ጠርጣራ ናቸው። ላስቲኩን ይዘው አብረን ወደ ሠፈሩ ፋርማሲ ሄድን። ፋርማሲስቷ ወጣት ልጅ ናት። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ ኪኒኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው፣ በጥፍሯ ጫፍ ዱቄቱን ጠረገችለትና ጽሑፉን አነበበች። ከዚያ መዝገቧ ላይ ፈለገችው።

«አባባ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?» አለቻቸው።

«የለብኝም ልጄ። ግፊት ነው ያለኝ።»

«ይሄ የስኳር ነው። እንዳይወስዱት። ስኳር ለሌለበት ሰው አይሆንም» አለችና ሌላውን አነሣች። እሱ የግፊታቸው ነበር። ሁለቱን በሁለት ወረቀት ለየችና በእስክሪብቶ በትልልቁ ጻፈችባቸው። የስኳሩ የማን እንደሆነ ሲጣራ፣ ልጅየው በዚያው ሰው እጅ ለአክስቱ የላከው ነው። አክስትየው ደግሞ ግፊት የላቸውም፤ የወንድማቸውን መድኃኒት አራት ቀን ሲወስዱ ከርመዋል። የዚያኑ ዕለት ተደወለላቸው።